ለተሰበረ ቅልጥም የሚተከል አጥንት በየትኛው ሕያው ሥጋ ይደገፍ? የንጽጽር መመሪያ

ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሰቃ ወይም ወደ ሰኮሩ በሚወስዱት መንገዶች በሞተር ሳይክል ወይም በባጃጅ አደጋ ቅልጥሙ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣበት ሰው ከወራት በኋላ «ከዳሌህ አጥንት ተወስዶ ይተከልልሃል» ሲባል፣ ታካሚውም ሆነ አስታማሚው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ አጥንቱ ብቻ ነው፤ ከየት እንደሚወሰድ፣ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ፣ መቼ እንደሚገጥም። ይህ መመሪያ የሚነሣው ከሌላ ጥያቄ ሲሆን፣ እርሱም የሚተከለው አጥንት በምን ዓይነት ሥጋ ተከቦ እንደሚቀመጥ ነው። በብዙ ታካሚዎች ላይ የንቅለ ተከላውን ዕጣ ይበልጥ የሚወስነው አጥንቱ የሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ፣ ምርጫዎቹን ከዚህ ወገን ማነጻጸር የተሻለ ይጠቅማል። ትኩረታችን ቅልጥም ላይ የሆነበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ የቅልጥም አጥንት የፊትና የውስጥ ገጹ ከቆዳ በቀር የሚሸፍነው ሥጋ ስለሌለው፣ በአደጋ ጊዜ ቶሎ ይገለጣል፣ ቶሎም ይመረቅዛል።

ከዳሌ የሚወሰድ አጥንት ከደም ሥሩ ተቆርጦ ስለሚመጣ፣ በገጹ ላይ ያሉ ጥቂት ሕዋሳት በዙሪያቸው ካለው ፈሳሽ ምግብ እያገኙ ሊተርፉ ቢችሉም አብዛኞቹ ይሞታሉ። የቀረው አካል የጭቃ ቤት ማገር የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፤ ከዙሪያው የሚገቡት አዳዲስ የደም ሥሮችና አጥንት ሠሪ ሕዋሳት በእርሱ ላይ እየያዙ፣ አሮጌውን እያፈረሱ በቦታው አዲስ አጥንት ይገነባሉ። ዙሪያው ጠባሳ፣ መግል ወይም ባዶ ጉድጓድ ከሆነ ግን የሚገባ ሕይወት የለም፤ የተተከለውም አጥንት ቀስ በቀስ ይመጠጣል፣ ወይም በባክቴሪያ ተይዞ ራሱ የሞተ አጥንት ሆኖ ይቀራል።

ፍላፕ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ፍላፕ የራሱን ደም ቅዳና ደም መልስ ይዞ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ጉዳቱ የሚዞር ጡንቻ፣ ቆዳ፣ የአጥንት ሽፋን ወይም አጥንት ነው። ከቆዳ ንቅለ ተከላ ጋር ሊምታታ አይገባም፤ የቆዳ ንቅለ ተከላ ከጭን በስሱ የተላጠ ቆዳ ደም ባለው ገጽ ላይ የሚለጠፍበት ሕክምና ሲሆን፣ ሽፋኑ በተገፈፈ አጥንት ወይም አጥንቱን ለማጽናት በገባ የብረት ፕሌት ላይ አይዝም። ፍላፕ ግን ደሙን ይዞ ስለሚመጣ ደም በሌለው ቦታ ላይም ሕያው ሆኖ ይቆያል፣ ጉድጓዱን ይሞላል፣ የተዋጠውን ወይም በመርፌ የተሰጠውን አንቲባዮቲክ ወደ ቦታው ያደርሳል፣ ለተተከለው አጥንትም የደም ሥር ምንጭ ይሆናል።

ከምርጫው ሁሉ የሚቀድም አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም የሞተውን አጥንትና ሥጋ ጠርቦ ማውጣት ነው። ሐኪሙ አጥንቱን የሚጠርበው ከጫፉ ደም ነጠብጣብ እስኪወጣ ድረስ ነው፤ በአጥንቱ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል ብሎ የሞተ አጥንት የተወበት ቅልጥም በየትኛውም ፍላፕ ቢሸፈን ተመልሶ መግል ማውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክፍተቱ ጨመረ» የሚለው የቤተሰብ ቅሬታ ብዙ ጊዜ ጥሩ ሥራ መሠራቱን የሚያመለክት ነው።

ያለ ፍላፕ አጥንት ብቻ መትከል

ቆዳው ጤነኛ ከሆነ፣ ኢንፌክሽን ከሌለና ክፍተቱ ትንሽ ከሆነ ከዳሌ የተወሰደ አጥንት ያለ ምንም ፍላፕ ይበቃል። በአጥንት ሕክምና ዘንድ ለረጅም ጊዜ እንደ መለያ መስመር ሲያገለግል የቆየው 6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ክፍተት በተለመደው መንገድ የተተከለ አጥንት የመክሸፍ ዕድሉ ይጨምራል። መስመሩ ግን የተቀደሰ አይደለም፤ ጠባሳ በበዛበት ቅልጥም ላይ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፍተትም ሊያስቸግር ሲችል፣ በጡንቻ በተከበበው የጭን አጥንት ላይ ግን ከዚህ የሚሰፋው ሊገጥም ይችላል። ቀላሉ መንገድ ሲበቃ ከባዱን መምረጥ አያስፈልግም፤ ፍላፕም ቢሆን ከሌላ ቦታ የሚወሰድ ሥጋ ስለሆነ የራሱ ዋጋ አለው።

ከአጠገብ የሚዞር ፍላፕ፤ እንደ ጉዳቱ ከፍታ

ቆዳው ጠፍቶ አጥንቱ ወይም ብረቱ ከታየ ምርጫው በአመዛኙ በጉዳቱ ከፍታ ላይ ይመሠረታል። ቅልጥምን ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት በሦስት ከፍለን ብንመለከት፣ ለላይኛው ሲሶ የሚውለው ከቆዳው ሥር ያለው የባት ጡንቻ (ጋስትሮክኒሚየስ)፣ በተለይም በውስጥ በኩል ያለው አንዱ ራሱ ነው። ይህ ጡንቻ ሁለት ራሶች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ከጉልበት በስተኋላ የሚመጣ የራሱ ደም ቅዳ አለው፤ በመሆኑም አንዱ ቢወሰድ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፣ ታካሚውም ከዳነ በኋላ ሳይቸገር ይራመዳል። በእኔ ግምት ይህ ከሁሉም ፍላፖች አስተማማኙ ነው፤ ደም ሥሩ የሚገኝበት ቦታ ከሰው ሰው ብዙ አይለያይም፣ ማይክሮስኮፕም አይፈልግም።

ለመካከለኛው ሲሶ ከእርሱ ሥር ያለው ሶሊየስ የተባለው ጡንቻ ይዞራል። የዚህ ጡንቻ ደም ሥሮች ብዙና አጫጭር በመሆናቸው ጥቂቶቹ ተቆርጠው ካልሆነ በቂ ርቀት አይሄድም፤ በተጨማሪም ባቱ በአደጋው ከተቀጠቀጠ ጡንቻው ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ዓይቶ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ሁለቱም ጡንቻዎች ከዞሩ በኋላ በላያቸው ላይ ስስ ቆዳ ይለጠፋል።

አስቸጋሪው የታችኛው ሲሶ ነው፤ እዚያ ጡንቻው ወደ ጅማት ስለሚለወጥ የሚዞር ሥጋ የለም። ሦስት መንገዶች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው ከባት ጀርባ ቆዳና ከሥሩ ያለው ሽፋን ተነሥቶ፣ ከውጭ በኩል ካለው ቁርጭምጭሚት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚገኝ ደም ሥር ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ታች የሚገለበጥበት የሱራል ፍላፕ ነው። ማይክሮስኮፕ አይፈልግም፣ በጥቂት ሰዓታት ይሠራል፣ ስለዚህ ከዋና ከተማ ውጭ ላለ ሆስፒታል ተስማሚ ነው፤ ድክመቱ ደም መልሱ በቀላሉ መታፈኑ ሲሆን፣ በዕድሜ በገፉ፣ በስኳር ሕመምተኞችና በአጫሾች ላይ ጫፉ የመሞት ዕድሉ ከፍ ይላል። የእግር የውጭ ጠርዝም ስሜቱን ያጣል። ሁለተኛው መንገድ ከጀርባ ወይም ከጭን ሥጋ ከነደም ሥሩ ተቆርጦ በቅልጥም ደም ሥር ላይ በማይክሮስኮፕ የሚሰፋበት ነፃ ፍላፕ ነው፤ ሰፊ ቁስልን ለመሸፈን አቻ የለውም፣ ነገር ግን የሠለጠነ ቡድን፣ ረጅም የቀዶ ሕክምና ሰዓትና ሌሊቱን ሙሉ የሚነቃ ነርስ ይጠይቃል። ሦስተኛው ከ1854 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀውና ፍራንክ ሃሚልተን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ያስተዋወቀው፣ የጤናማው እግር ቆዳ በተጎዳው ላይ ተሰፍቶ ሁለቱ እግሮች ለሦስት ሳምንት ያህል አንድ ላይ ታስረው የሚቆዩበት ዘዴ ነው። አሮጌ ነው ብለው የሚንቁት አሉ፤ ማይክሮስኮፕ በሌለበት ግን ለወጣት ታካሚ እግሩን ያዳነ ዘዴ ነውና ከዝርዝሩ መውጣት የለበትም። ለሽማግሌ ግን አይመከርም፣ መገጣጠሚያው ይደርቃልና።

ጡንቻ ይሻላል ወይስ ቆዳ ያለው ፍላፕ የሚለው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም። ጡንቻ የተቦረቦረ ጉድጓድን እየተከተለ ይሞላል፤ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም በጡንቻ የተሸፈነ ስብራት በቆዳና ከቆዳው ሥር ባለው ሽፋን ከተሸፈነው ፈጥኖ እንደሚገጥም አሳይተዋል። በሌላ በኩል አጥንቱ የሚተከለው በሁለተኛ ዙር ከሆነ፣ ቆዳ ያለው ፍላፕ ተመልሶ ሲነሣና ሲሰፋ ይበልጥ ይመቻል፤ ስስ ቆዳ የተለጠፈበት ጡንቻ ግን በድጋሚ ሲከፈት ይቆሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ሁለተኛ ዙር እንዳቀደ ሲናገር ይህንን ማንሣት ተገቢ ነው።

በቅድሚያ ሲሚንቶ፣ ቀጥሎ አጥንት

ወደ ጅማ ሆስፒታል የሚመጣ የተከፈተ ስብራት ሁሉ በአደጋው ዕለት አይመጣም። ወጌሻ ዘንድ ሰንብቶ፣ ወይም በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ቁስሉ እየታሸገ ቆይቶ መግል ሲበዛ የሚመጣ አለ። የስሎቬንያው ሐኪም ማርኮ ጎዲና በ1986 እ.ኤ.አ. በታተመው የ532 ታካሚዎች ጥናቱ፣ በአደጋው 72 ሰዓት ውስጥ የተሠሩ ነፃ ፍላፖች የከሸፉት ከመቶ 1 በታች ሲሆኑ፣ ከ72 ሰዓት በኋላ እስከ ሦስት ወር ድረስ የተሠሩት ግን ከመቶ 12 ያህሉ መክሸፋቸውን አሳይቷል። ኢንፌክሽኑም በመጀመሪያዎቹ ከመቶ 1.5፣ በኋለኞቹ ከመቶ 17.5 ነበር። ከዚህ የምንረዳው ቶሎ የመጣ ሰው ቶሎ መሸፈን እንዳለበት ነው፤ ዘግይቶ የመጣው ደግሞ ጊዜን የሚገዛለት ሌላ ዘዴ ያስፈልገዋል።

ይህን ጊዜ የሚገዛው ፈረንሳዊው አላን ማስኬሌ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያዳበረው ዘዴ ነው። በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና የሞተው ሁሉ ተጠርቦ ይወጣል፣ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ አንቲባዮቲክ በተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንቶ (ለሕክምና የሚሠራ፣ ሲቀላቀል የሚጠነክር ማያያዣ) ይሞላል፣ አጥንቱ በብረት ይጸናል፣ ቆዳ ከጎደለም በዚያው ሰዓት ወይም ብዙ ሳይቆይ ፍላፕ ይዞራል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውነት በሲሚንቶው ዙሪያ የደም ሥር የሞላበት ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ይህ ሽፋን አጥንት እንዲያድግ የሚገፋፉ ንጥረ ነገሮችንም ያመነጫል። በሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ሽፋኑ በጥንቃቄ ተከፍቶ ሲሚንቶው ይወጣና በምትኩ ከዳሌ የተወሰደ የተፈረፈረ አጥንት ገብቶ ሽፋኑ ተመልሶ ይሰፋል። ከ20 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ክፍተት በዚህ መንገድ የተሞላባቸው ታካሚዎች አሉ፤ ሆኖም ከዳሌ የሚገኘው አጥንት የተወሰነ ስለሆነ ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር የሚሞላው ነገር ያጥራል፣ የዳሌው ሕመምም ለወራት ሊቆይ ይችላል። በዳሌ የኋላ ክፍል ከፊተኛው ይልቅ ብዙ አጥንት እንደሚገኝ ማወቅ ይጠቅማል።

ለአብዛኞቹ ዘግይተው ለሚመጡ አዋቂዎች የእኔ ቅድሚያ ይህ ነው፤ ከአጠገብ የሚዞር ፍላፕ ከሲሚንቶ፣ ከዚያም ከዳሌ አጥንት ጋር። በሁለቱ ዙሮች መካከል ታካሚው ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል፣ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፣ አንዱ ደረጃ ባይሳካ እንኳ የቀሩት መንገዶች አይዘጉም። ነገር ግን ሲሚንቶው ገብቶለት ሕመሙ የተሻለው ታካሚ «ድኛለሁ» ብሎ ለቡና ለቀማ ከሄደ በኋላ ሳይመለስ መቅረቱ የሚያሰጋ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ቀጠሮ የመኸርን ወራት አስቦ ቢያዝ መልካም ነው።

አጥንቱ ራሱ ሕያው ሆኖ የሚመጣበት

እስካሁን የተነጋገርነው ሞቶ የሚመጣን አጥንት በሕያው ሥጋ ስለመክበብ ነው። አጥንቱን ራሱን ከነደም ሥሩ ማምጣትም ይቻላል። እንዲህ ያለው አጥንት ሕዋሳቱ ስለማይሞቱ እንደ ተራ ስብራት በሁለት ጫፎቹ ይገጥማል፤ ክብደት ሲያርፍበትም፣ በተለይ በልጆች ላይ፣ እየወፈረ ይሄዳል።

የታወቀው ከባት ውጭ ያለው ቀጭኑ አጥንት፣ ፊቡላ፣ ነው። በአዋቂ ሰው እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ርዝመት ሊወሰድ ይችላል፤ ቁርጭምጭሚት እንዳይናጋ ግን የታችኛው ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። አውስትራሊያዊው ኢያን ቴይለርና ባልደረቦቹ ከሌላኛው እግር የተወሰደ ፊቡላን በማይክሮስኮፕ በቅልጥም ላይ መትከላቸውን በ1975 እ.ኤ.አ. ካሳወቁ ወዲህ ዘዴው በዓለም ተስፋፍቷል፤ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በዕጢ ወይም በጉዳት የጠፋ መንጋጋን ለመሥራት ይውላል። ለረጅም ክፍተት፣ በተለይም ቀድሞ የተተከለ አጥንት ከሽፎ ለቀረበት እግር፣ የሚመረጥበት በቂ ምክንያት አለው። ችግሩ ቀዶ ሕክምናው ብዙ ሰዓት መውሰዱ፣ ሁለተኛውን ጤናማ እግር መንካቱ፣ የሚሰፉት ደም ሥሮች ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት ያላቸው መሆናቸውና፣ ፊቡላው እስኪወፍር ድረስ በመጀመሪያው ዓመት ሊሰበር መቻሉ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውና ለእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚስማማው ወንድሙ ደግሞ፣ የዚያው እግር ፊቡላ ከደም ሥሩና ከጡንቻው ሳይለይ ተቆርጦ ወደ ቅልጥሙ ክፍተት የሚገፋበት ዘዴ ነው። ሃንቲንግተን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1905 እ.ኤ.አ. ስለጻፈበት በስሙ ይጠራል። በአጥንት ኢንፌክሽን ምክንያት ቅልጥሙ ተበልቶ ለጠፋበት ሕፃን ይህ ትልቅ መፍትሔ ነው፤ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፣ ሌላኛው እግር አይነካም፣ ፊቡላውም በልጁ ዕድገት እየወፈረ የቅልጥምን መጠን እየተጠጋ ይሄዳል። ፊቡላው ራሱ በአደጋው ከተሰባበረ ግን አይሆንም፤ እግሩም አጥሮ ሊቀር ስለሚችል ቤተሰብ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

በልጆች ላይ የአጥንት ሽፋንን ብቻ ከነደም ሥሩ አምጥቶ በማይገጥመው አጥንት ላይ መጠቅለልም ይቻላል፤ የልጅ የአጥንት ሽፋን አጥንት የመሥራት ኃይሉ ብርቱ ነውና። ይህ ግን የላቀ ማዕከል ሥራ ነው።

ከሥጋ ይልቅ ቀለበት

ሶቪየታዊው ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ በኩርጋን ከተማ ያዳበረው የቀለበት ብረት ከእነዚህ ሁሉ ጋር መነጻጸር አለበት። ጤናማው የአጥንት ክፍል ተቆርጦ ከጥቂት ቀናት ቆይታ በኋላ በቀን 1 ሚሊ ሜትር፣ ብዙውን ጊዜ በአራት ተከፍሎ፣ ወደ ክፍተቱ ይጎተታል፤ ከኋላውም አዲስ አጥንት ይበቅላል። ሥጋና ቆዳው አብሮ ስለሚጎተት አንዳንዴ ፍላፕ ጭራሽ አያስፈልግም። ክፍያው ጊዜ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከአንድ ወር በላይ ቀለበቱን መሸከም የተለመደ ስለሆነ፣ 6 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያለበት ሰው ከግማሽ ዓመት በላይ ይታሰራል፣ የሽቦዎቹ ቀዳዳዎችም ብዙ ጊዜ ይመረቅዛሉ። በመጨረሻ ሁለቱ አጥንቶች የሚገናኙበት ቦታ አልገጥም ብሎ ከዳሌ አጥንት የሚፈልግበት ጊዜም አለ። ብረቱን በየቀኑ በትክክል የሚያዞርና ቀዳዳዎቹን የሚያጸዳ ሰው ያለው፣ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱም ለራጅ መመለስ የሚችል ታካሚ፣ ለምሳሌ ጅማ ከተማ ውስጥ ዘመድ ያለው፣ በዚህ መንገድ ሊጠቀም ይችላል። ከዴዶ ወይም ከሊሙ ገጠር በክረምት ጭቃ ለሚመላለስ ሰው ግን የሲሚንቶው መንገድ ይቀለዋል።

እግሩ ስሜት የሌለውና ደም ሥሩም የተበጠሰ ከሆነ፣ ወይም ታካሚው ለሁለትና ሦስት ዓመት ሥራ ፈቶ መታከም የማይችል ከሆነ፣ ከጉልበት በታች መቆረጥና ሰው ሠራሽ እግር መልበስም እንደ ሽንፈት ሳይቆጠር በእኩልነት መቅረብ ያለበት ምርጫ ነው። በሐኪም ፊት ይህን ጥያቄ ለማንሣት የሚያፍሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

በጅማ ይሠራ ወይስ ወደ አዲስ አበባ ይኬድ

ከአጠገብ የሚዞሩ ጡንቻዎች፣ የሱራል ፍላፕ፣ ሲሚንቶና የሃንቲንግተን ዘዴ ማይክሮስኮፕ ስለማይፈልጉ፣ መጀመሪያ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአጥንት ሐኪሞችን «ይህን እዚሁ መሥራት ይቻላል ወይ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ይገባል። ማይክሮስኮፕ የሚፈልገው ሥራ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኘው አዲስ አበባ ሪፈር ማስጻፍን ሊጠይቅ ይችላል። ሪፈር ሲጻፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያሉትን ራጆች፣ ከውስጥ የተወሰደው ናሙና የላቦራቶሪ ውጤትና የተሰጡትን አንቲባዮቲኮች ዝርዝር ይዞ መሄድ፣ ተቀባዩ ሐኪም ከዜሮ እንዳይጀምር ያደርጋል። የጤና መድን ያላቸውም የሪፈር ወረቀቱ ሥርዓቱን ጠብቆ መጻፉን ከመነሣታቸው በፊት ያረጋግጡ።

የትኛውም ፍላፕ ቢመረጥ ሲጋራ ከቀዶ ሕክምናው ሳምንታት ቀደም ብሎ መቆም አለበት፤ ኒኮቲን ጥቃቅን ደም ሥሮችን ያጠባል፣ አጥንት መግጠሙንም ያዘገያል። ጫት ሲቃም ብቻ የሚጨሰውም ሲጋራ ይቆጠራል። ብዙ የማይክሮስኮፕ ቀዶ ሕክምና ክፍሎች ቡናንም ለተወሰኑ ሳምንታት ይከለክላሉ፤ ለጅማ ሰው ይህ ከሲጋራው ይልቅ የሚከብድ ትእዛዝ ይመስለኛል፣ ማስረጃውም ከሲጋራው ጋር የሚስተካከል አይደለም፤ ቢሆንም ሐኪሙ ከከለከለ መታዘዝ ይሻላል። የስኳር መጠንና የደም ማነስም አስቀድሞ መስተካከል አለባቸው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 72 ሰዓታት አስታማሚው የሚያየው ነገር ዋጋ አለው። ቆዳ ያለው ፍላፕ ቀዝቅዞ ከገረጣ ደም ቅዳው፣ ካበጠና ከጠቆረ ደም መልሱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በጠይም ቆዳ ላይ የቀለም ለውጥ በቀላሉ ስለማይታይ ሙቀቱንና እብጠቱን በሌላኛው እግር ላይ ካለው ጋር ማነጻጸር ይረዳል። ለውጥ ሲታይ እስከ ጠዋቱ የሐኪም ዙር ሳይቆይ በዚያው ሰዓት ለነርስ መንገር ነው፤ የታፈነ ፍላፕ የሚተርፈው በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ከተከፈተ ነው። እግሩ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ከአልጋ ወደ ታች ማንጠልጠል ክልክል ነው፣ ሲፈቀድም በጥቂት ደቂቃዎች ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል።

ፍላፑ ዳነ ማለት አጥንቱ ገጠመ ማለት አይደለም። ቁስሉ በሦስት ሳምንት ሊደርቅ ሲችል አጥንቱ ወራት ይፈልጋል፤ ሐኪሙ ክራንቹን ከማስጣሉ በፊት በሁለት አቅጣጫ በተነሣ ራጅ ላይ ከሚታዩት አራት የአጥንት ግድግዳዎች ቢያንስ ሦስቱ በአዲስ አጥንት መያያዛቸውን ይመለከታል።